መርከቡ አይጠብቅም
የሜዲቴራኒያንን ደሴቶች በመፀው ወራት በራስ ዕቅድ ስለ መጎብኘት

ሐዋርያው ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮማ ሲወሰድ የተሳፈረባት መርከብ ቀርጤስ ደሴት በደረሰች ጊዜ ወራቱ መፀው ነበር። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 27 እንደሚተርከው የጾሙ ጊዜ አልፎ ስለ ነበር በባሕር መሄድ የሚያሰጋ ሆኖ ነበር። ሐዋርያው ጉዞው ጉዳት እንደሚያመጣ ቢያስጠነቅቅም የመቶ አለቃው ከእርሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት ሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ መርከቢቱን ዐሥራ አራት ሌሊት ሲያንገላታት ከቆየ በኋላ 276 ሰዎች እንደ ጫነች መላጥያ በምትባል ደሴት ዳርቻ ተሰባበረች፤ ከተሳፋሪዎቹ ግን አንድም ነፍስ አልጠፋም። ያች መላጥያ የዛሬዋ ማልታ ናት።

ዛሬ በዚያው ባሕር ላይ በዚያው ወራት በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞችን የያዙ የሽርሽር መርከቦች ይመላለሳሉ። ከቀርጤስ እስከ ማልታ ያለው መንገድ ዐሥራ አራት ሌሊት መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቀን ተኩል ያህል ጉዞ ሆኗል። ቢሆንም ሁለት ነገሮች አልተለወጡም። አንደኛ፣ የመፀው ነፋስ ዛሬም የሰውን ዕቅድ ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ መርከብ ለብቻው ወጥቶ የዘገየን ሰው አይጠብቅም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ለትምህርት ሮማ በነበርኩበት ዓመት በጥቅምት ወር ከአክስቴ ጋር ያደረግሁት የዐሥር ሌሊት ጉዞ ነው። አክስቴ በዚያች ከተማ ብዙ ዓመት የኖሩ ሠራተኛ ሴት ናቸው፤ የጉዞውን ገንዘብ ያጠራቀሙት ከደመወዛቸው ቀንሰው ነው። መርከባችን ከሮማ አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥታ በሰርዴኛ ካልያሪን፣ በሲሲሊያ ፓሌርሞን፣ ከዚያም ሮድስን፣ ሳንቶሪኒን፣ በቀርጤስ ኢራክሊዮንን፣ በመጨረሻም የማልታን ዋና ከተማ ቫሌታን የምትጎበኝ ነበረች። ስድስት ደሴቶች ማለት ነው።

በየወደቡ መርከቡ ራሱ የሚያዘጋጀው ጉብኝት አለ። አውቶቡስ ይቀርባል፣ አስጎብኚ ይመደባል፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ግን የከተማውን አውቶቡስ ከሚሳፈር ሰው ወጪ ጋር ሲተያይ እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ አክስቴ «ዐይንና እግር አለን፤ አንተም ማንበብ ትችላለህ» ብለው በራሳችን እንድንወጣ ወሰኑ። ዕቅዱን የማውጣት ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ከዚያ ሥራ የተማርኩትን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኛ አቆጣጠር ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ዓይነት ጉብኝት

በራስ መውጣትና ከመርከቡ ጉብኝት ጋር መውጣት የሚለያዩት በዋጋ ብቻ አይደለም። የመርከቡ አውቶቡስ በመንገድ ላይ ቢበላሽ ኃላፊነቱ የመርከቡ ነው፤ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ መንገደኞቹን በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳል። በራሱ የወጣ ሰው ግን ቢዘገይ መርከቡ መልሕቁን ነቅሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ወደብ ድረስ ለመድረስ የአውሮፕላኑም የሆቴሉም ሒሳብ የራሱ ነው። ስለዚህ ያ የሚተርፈው ገንዘብ በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ በጥንቃቄ የሚከፈል ዋጋ አለው።

ለኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የመርከባችን ወደቦች በኢጣልያ፣ በግሪክና በማልታ ስለ ሆኑ ሁሉም በሸንገን ስምምነት ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ብዙ መርከቦች በመካከል ወደ ቱርክ ወደብ ጎራ ይላሉ። በዚያን ጊዜ መንገደኛው ከሸንገን ወጥቶ ተመልሶ የሚገባ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። ቲኬት ከመግዛት አስቀድሞ የወደቦቹን ዝርዝርና የቪዛውን ዓይነት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይገባል።

መጀመሪያ የተማርነው መተው ነበር

ካልያሪ የሰርዴኛ ዋና ከተማ ስትሆን በደሴቲቱ ደቡብ ትገኛለች። አክስቴ የጉዞውን ዝርዝር ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ይህ ሰርዴኛ የሚሉት አዚናራ ያለችበት አይደለምን?» ብለው ነው። አዎን፣ ያው ነው። በኛ አቆጣጠር ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ብዙ መኳንንትን ከነቤተሰቦቻቸው አግዞ ያሰረባት አዚናራ ከሰርዴኛ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች፤ ከፖርቶ ቶሬስና ከስቲንቲኖ ጀልባ ይሄድባታል።

ካርታውን ዘረጋሁ። ከካልያሪ እስከ ፖርቶ ቶሬስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባቡር ተሳፍሮ፣ ከባቡር ወርዶ ጀልባ ጠብቆ፣ ደሴቲቱን አይቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ የማይሆን ነገር ነው። መርከባችን በካልያሪ የምትቆየው ስምንት ሰዓት ብቻ ነበር። ለአክስቴ ይህን መንገር ከብዶኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ካርታውን ጥቂት ተመልክተው «እንዲህ ያለ ቦታ በጥድፊያ አይታይም፤ ለብቻው ይኬድበታል» አሉ። ያን ቀን የካልያሪን የቆየ ሰፈር፣ ካስቴሎ የሚባለውን ኮረብታ፣ በእግራችን ወጥተን ከላይ ሆነን ባሕሩን አየን። በ1307 የተሠራውንና በግድግዳው ላይ ትንሽ የዝሆን ምስል የተቀረጸበትን ግንብ ተመለከትን፤ በጊዜም ተመለስን።

የወደብ ጉብኝት ዕቅድ መጀመሪያው ይኸው ነው። የሚታየውን ከመጻፍ አስቀድሞ የማይታየውን መሰረዝ ያሻል። የመርከብ ወደብ የአንድ አገር በር እንጂ አገሩ በሙሉ አይደለም። በስምንት ሰዓት ውስጥ ሦስት ከተማ ለማየት የሚሮጥ ሰው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆንበታል። ባንድ ወደብ አንድ ዋና ነገር፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ በመንገድ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ነገር፤ ይህ ይበቃል።

ፓሌርሞ፣ ቀኑን ማወቅ

በፓሌርሞ መርከቡ የሚቆመው ከከተማው መካከል አጠገብ ስለ ሆነ አውቶቡስ እንኳ አያስፈልግም። የመረጥነው አንድ ነገር የኖርማኖች ቤተ መንግሥትና በውስጡ ያለው የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ነበር። ይህን ጸሎት ቤት በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ያሠራው ንጉሥ ሩጀሮ ዳግማዊ ነው። ጣራው በዐረብ ጠራቢዎች አሠራር የተጠረበ እንጨት፣ ግድግዳው የቢዛንታይን ባለሙያዎች የሠሩት የወርቅ ሞዛይክ፣ የቤቱ ቅርጽ ደግሞ የላቲኖች ነው። ሦስት ሕዝቦች በአንድ ንጉሥ ጥላ ሥር ሆነው አንድ ቤት ሠርተዋል። በ2015 ይህ ሥራ፣ ከፓሌርሞ ሌሎች ሕንጻዎችና ከቼፋሉና ከሞንሬያሌ አብያተ ክርስቲያናት ጋር፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ይሁን እንጂ ይህን ለማየት የሚመጣ ሰው ቀኑን ማወቅ አለበት። ጸሎት ቤቱ እሑድ ጧት ለቅዳሴ ሲባል ለጎብኚ ይዘጋል። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ ዛሬም የሲሲሊያ ምክር ቤት መቀመጫ ስለ ሆነ የነገሥታቱ ክፍሎች ምክር ቤቱ በሚሠራባቸው ቀናት፣ በተለይም ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ለጎብኚ አይከፈቱም። እኛ የደረስነው ረቡዕ ስለ ነበር ጸሎት ቤቱን አየን፤ የነገሥታቱን ክፍሎች ግን አላየንም። ይህን አስቀድመን ስላወቅነው ግን አላዘንንም። ከዚያ ወጥተን ባላሮ በሚባለው የድሮ ገበያ አልፈን፣ ከሽምብራ ዱቄት ተጠብሶ በዳቦ መካከል የሚቀርበውን ፓኔሌ በላን። አክስቴ «ይህስ የጾም ምግብ ነው» ብለው ደስ አላቸው።

ሮድስና የሥልጣን ድንጋይ

በሮድስ መርከቡ የሚቆመው ከአሮጌው ከተማ ቅጥር አጠገብ ነው። ከመርከቡ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ የሄደ ሰው በቅጥሩ በር ይገባል። በአውቶቡስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሊንዶስ የምትባለውን ከተማ ማየት ይቻል ነበር፤ መሄጃና መመለሻው ግን የቀኑን እኩሌታ ሊበላ ነው። ስለዚህ ሊንዶስን ሰርዘን በቅጥሩ ውስጥ ቀረን።

ከተማውን የመሸጉት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት መነኮሳት ወታደሮች ናቸው። ከ1309 ጀምሮ ደሴቲቱን ይዘው ሳለ በ1522 የቱርኩ ሱልጣን ሱሌይማን ከብዙ ወራት ከበባ በኋላ አስለቀቃቸው። ሰባት ዓመት ያህል ተንከራተው በ1530 ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ማልታን ሰጣቸው። እንግዲህ ከሮድስ ወደ ማልታ የሚሄድ መንገደኛ ሳያውቀው የእነዚህን ሰዎች የስደት መንገድ ይከተላል።

በቅጥሩ አናት ላይ ያለው የታላቁ አለቃ ቤተ መንግሥት ግን እንደ አዲስ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ምክንያቱም ደሴቲቱን ከ1912 ጀምሮ የያዙት ኢጣልያኖች ከ1937 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ፍርስራሹን ስላደሱት ነው። ለኢጣልያ ንጉሥና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ያ ንጉሥ በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ስም በራሱ ላይ የጨመረው ቪክቶር ኤማኑኤል ነው። በዚያው ዓመታት አንዱ እጅ በአዚናራ ያስር ነበር፤ ሌላው እጅ በሮድስ ቤተ መንግሥት ያሳድስ ነበር። በዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ፣ ያ ስም ከአምስት ዓመት በኋላ ባዶ ሆኖ እንደ ቀረ አስታወስኩ፤ ድንጋዩ ብቻ ቆሟል።

ሳንቶሪኒ፣ ነፋሱ የወሰነው

ለሳንቶሪኒ ያወጣሁት ዕቅድ ከሁሉ የሚበልጥ ነበር። ከ3600 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳው እሳተ ገሞራ የደሴቲቱን መካከል ወደ ባሕር አስምጦ ገደል አድርጎታል፤ ከተሞቹ በገደሉ ጫፍ ላይ ተሠርተዋል። ትልልቅ መርከቦች ወደቡ ላይ ስለማይቆሙ መንገደኛው በትናንሽ ጀልባ ወደ ገደሉ ሥር ይወሰዳል። ከዚያ ወደ ፊራ ከተማ የሚወጣው በገመድ ላይ በሚንጠለጠለው ሠረገላ፣ ወይም 588 ደረጃ በእግሩ እየቆጠረ፣ ወይም በበቅሎና በአህያ ነው።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስሕተት የሚታይበትን ነገር ልጥቀስ። ሰው ሁሉ የሚያስበው ለመውጫው ነው፤ አደጋው ግን በመውረጃው ነው። ጧት መንገደኞች እየተከፋፈሉ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን የብዙ መርከቦች ሰዎች ባንድ ጊዜ ለመውረድ ስለሚሰለፉ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሆን ይችላል። ደሴቲቱ በሰው ብዛት ስለ ተጨነቀች ከ2025 ጀምሮ በቀን ከ8000 የማይበልጡ የመርከብ መንገደኞች ብቻ እንዲወርዱ ተወስኗል። በዚያው ዓመት የግሪክ መንግሥት በወደቦቹ ከሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ክፍያ መቀበል ጀምሯል፤ በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ ክፍያው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። በመፀው ከበጋው ይቀንሳል። ይህም በበጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ይህን ሁሉ አስልቼ፣ የመውረጃውን ሰልፍ እንኳ ገምቼ፣ ጧት ስንነቃ መርከቡ ይናወጥ ነበር። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ነፋሱ ስለ በረታ ጀልባ ማውረድ እንደማይቻልና ሳንቶሪኒን እንደምናልፋት አስታወቀ። ነጩን ከተማ ከሩቅ፣ በገደሉ አናት ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ሆኖ አየነው። በቁርስ ገበታ ከጎናችን የነበሩ ባልና ሚስት መኪና በግል ተከራይተው ሙሉውን ዋጋ አስቀድመው ከፍለው ነበር፤ ገንዘቡም አልተመለሰላቸውም። እኛ ምንም አልከፈልንም። በመፀው ጉዞ፣ በተለይም በጀልባ በሚወረድበት ወደብ፣ የማይመለስ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል በነፋስ ላይ መወራረድ ነው።

ቀርጤስ፣ ከመጨረሻ ጀምሮ መቁጠር

ኢራክሊዮን ደረስን። በዚህ ወደብ የሠራሁበትን ስሌት ለአንባቢ በሙሉ አቀርባለሁ፤ ምክንያቱም በማንኛውም ወደብ የሚሠራ ነውና። ምስጢሩ ቀኑን ከጧት ሳይሆን ከመመለሻው ሰዓት ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሁሉም ሰው መርከብ ውስጥ መገኘት ያለበት በ10 ሰዓት ተኩል ነበር። ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ቀነስኩ፤ በ9 ሰዓት ተኩል ወደቡ በር ላይ መሆን አለብን። ከከተማው መካከል እስከ ወደቡ የ20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ ከሙዚየሙ የምንወጣው በ9 ሰዓት ከ10 ነው። ለሙዚየሙ ሁለት ሰዓት ይሰጠው፤ የምንገባው በ7 ሰዓት ከ10 ነው። ለምሳና ለማረፊያ አንድ ሰዓት፤ ከተማ የምንደርሰው በ6 ሰዓት ከ10 ነው። ከኖሶስ ፍርስራሽ ወደ ከተማ የሚመለሰው የከተማ አውቶቡስ ከነመጠበቂያው 40 ደቂቃ ቢወስድ፣ ከኖሶስ የምንነሣው በ5 ሰዓት ተኩል ነው። ለኖሶስ ሁለት ሰዓት፤ እዚያ የምንደርሰው በ3 ሰዓት ተኩል ነው። መሄጃው እንደ መመለሻው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ ከመርከቡ የምንወርደው ቢዘገይ በ2 ሰዓት ከ50 ነው። መርከቡ የቆመው በ2 ሰዓት ስለ ነበር የቀረን ትርፍ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ የባሕር ዳርውን ዋና ሰረዝነው።

ኖሶስ ከከተማው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከ1900 ጀምሮ እንግሊዛዊው ሰር አርተር ኤቫንስ ቆፍሮ ያወጣው የሚኖስ ሥልጣኔ ቤተ መንግሥት ነው። ኤቫንስ አንዳንዱን ክፍል በሲሚንቶ ስላደሰውና ቀለም ስለ ቀባው ሊቃውንት ዛሬም ይነቅፉታል። ስለዚህ ጧት ፍርስራሹን ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ በከተማው ሙዚየም የተቀመጡትን እውነተኛዎቹን ሥዕሎችና ዕቃዎች ማየት አለበት፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ትምህርት ነው። በጧት መሄዳችንም በከንቱ አልነበረም፤ ከመርከቦቹ አውቶቡሶች ቀድመን ስለ ደረስን በዙፋኑ ክፍል ፊት ብዙ አልተሰለፍንም።

ስለ ወራቱ ጥቂት ቃል

የሜዲቴራኒያን አየር ከኛ ደጋ ተቃራኒ ነው። በኛ ክረምት ዝናም ሲወርድ እዚያ ድርቅና ሐሩር ነው፤ በኛ ሰማይ ሲጠራ እዚያ ዝናሙ ይጀምራል። በጥቅምት ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ገና ይዞ ስለሚቆይ ይዋኙበታል፤ ሰውም ይቀንሳል፤ ለእግረኛ እጅግ የተመቸ ነው። ነገር ግን ቀኑ ያጥራል። በፓሌርሞ በጥቅምት አጋማሽ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የምትጠልቅ ሲሆን፣ በወሩ የመጨረሻ እሑድ አውሮፓ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመልስ ከ11 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብላ ትጠልቃለች። በግሪክ ሙዚየሞችና ፍርስራሾች ከመስከረም ጀምሮ የመዝጊያ ሰዓታቸውን እየቀነሱ ሄደው በኖቬምበር መጀመሪያ ወደ ክረምቱ ሰዓት ይገባሉ። በበጋ የታተመ የጉዞ መጽሐፍ የሚሰጠውን ሰዓት አምኖ መሄድ አይገባም።

በማልታ የሆነው

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት እመጣለሁ። እስካሁን የተናገርኩትን ሁሉ ያሰላሁ እኔ፣ ከሁሉ የቀለለውን ነገር ረሳሁ፤ ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

በበጋው አቆጣጠር የግሪክ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ኢጣልያና ማልታ ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ወደ ሮድስ ስንሄድ መርከቡ ሌሊት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጎ ነበር። ወደ ማልታ ስንመለስ ግን መርከቡ ሰዓቱን የመለሰው ከማልታ ከወጣን በኋላ ነው። ይህ በየምሽቱ ክፍላችን በር ላይ በሚደረገው ወረቀት ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን የጉብኝቱን ሐሳብ ብቻ አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። የእጅ ስልኬ ደግሞ የማልታን የስልክ አውታር እንዳገኘ ሰዓቱን በራሱ ወደ ማልታ ሰዓት መለሰ።

ቀኑ መልካም ነበር። ከወደቡ በ2012 በተከፈተውና 58 ሜትር በሚወጣው አሳንሰር ወደ ላይኛው ባራካ አትክልት ቦታ ወጣን። ቫሌታ በ1565 ከቱርኮች ታላቅ ከበባ በኋላ በ1566 የተመሠረተች፣ በፈረሰኞቹ አለቃ በላ ቫሌት ስም የተጠራች ከተማ ናት። በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ካራቫጆ በ1608 የሣለውን፣ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት መቆረጥ የሚያሳየውን ታላቅ ሥዕል አየን። ካቴድራሉ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም፤ እኛ የደረስነው ማክሰኞ ነበር። ከመሬት በታች ያለውን የጥንት መቃብር፣ ሂፖጌውም የሚሉትን፣ ግን አላየንም፤ በቀን 80 ሰው ብቻ ስለሚያስገቡ ቲኬቱ ቀደም ብሎ ያልቃል።

አክስቴን ከሁሉ ያስደሰታቸው ግን የሰዉ ቋንቋ ነበር። የማልታ ቋንቋ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በቡና ቤት ያስተናገደችን ልጅ ስም «ኢሰም»፣ ሰማይ «ሰማ»፣ ሞት «መውት»፣ ልሳን «ኢልሲን» እንደሚባል ስትነግረን አክስቴ እጃቸውን አጨበጨቡ። «መላጥያ ዘመድ ናት!» አሉ።

በዚህ ደስታ ላይ ሆነን ወደ ባራካ ተመልሰን ተቀመጥን። ከአትክልቱ ቦታ በታች ባለው ግንብ ላይ በየቀኑ በ6 ሰዓትና በ10 ሰዓት መድፍ ይተኮሳል፤ የ10 ሰዓቱን መድፍ ሰምተን ለመውረድ አሰብን። ስልኬ 9 ሰዓት ከ5 ይላል፤ መርከቡ ደግሞ በ10 ሰዓት ተኩል ግቡ ብሏል። ሰፊ ጊዜ አለን።

በዚያን ጊዜ በመርከቡ ላይ ሁልጊዜ የሚያገለግለን አንድ አስተናጋጅ በሩጫ ሲያልፍ አየንና ሰላም አልነው። እርሱ ግን ቆሞ ሰዓቱን አሳየን። «ሃያ አምስት ደቂቃ ቀራችሁ፤ የመርከቡ ሰዓት 10 ሰዓት ከ5 ነው» አለን።

አክስቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መሮጥ አይችሉም። የመኖሪያ ፈቃዴና ፓስፖርቴ በመርከቡ ክፍል ውስጥ ነው። አክስቴ ዐርብ ጧት ሥራ መግባት አለባቸው፤ አንድ ቀን ቢቀሩ ቦታቸውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ በራሴ ላይ ወረደ። ያዳነን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ሰዓት ከመርከቡ አጠገብ ለማሳለፍ አስቀድመን ወስነን ነበር። አሳንሰሩ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቀን ነበር። በእርሱ ወርደን፣ አክስቴን በክንዴ ደግፌ፣ በወደቡ ዳር ሄደን ስድስት ደቂቃ ሲቀር ደረስን። በዚያች ሰዓት ሌላ ከተማ፣ ወይም አንድ አውቶቡስ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብንሆን ኖሮ መርከቡን ከግንቡ ላይ ሆነን ሲሄድ እናየው ነበር።

ለሚቀጥለው መንገደኛ

ከዚህ ጉዞ የቀረልኝን ምክር በአጭሩ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ከመውረድህ በፊት የመርከቡን ሰዓትና የከተማውን ሰዓት አስተያይ፤ አንድ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ሞልተህ እስክትመለስ አትንካው።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ከመመለሻው ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር፤ አንድ ሰዓት መጠባበቂያም ተው። የመጨረሻውን ሰዓት መርከቡ በሚታይበት ስፍራ አሳልፍ።

ሦስተኛ፣ ባንድ ወደብ አንድ ዋና ነገር ምረጥ፤ ያም ነገር በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን አረጋግጥ። ሩቅ ቦታ ማየት የግድ ከሆነብህ ለዚያ ቀን ብቻ ከመርከቡ ጉብኝት ጋር ውጣ።

አራተኛ፣ በመፀው የማይመለስ ገንዘብ አስቀድመህ አትክፈል፤ ለእያንዳንዱ ወደብም ሁለተኛ ዕቅድ ያዝ።

አምስተኛ፣ የመርከቡን ካርድ፣ የፓስፖርትህን ቅጂ፣ ለአንድ ሌሊት የሚበቃ ገንዘብና በየቀኑ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን የመርከቡን የወደብ ወኪል ስልክ ቁጥር በኪስህ ይዘህ ውረድ። መርከቡ ጥሎህ ከሄደ መጀመሪያ የምትፈልገው ይህን ወኪል ነው።

ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ በቅርቡ በሜዲቴራኒያን መርከብ ላይ አይሳፈሩ ይሆናል። ነገር ግን በባዕድ አገር ስብሰባ ተልኮ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነጻ የሆነ ጸሐፊ፣ ወይም በመንገዱ ላይ በአንድ ከተማ ስድስት ሰዓት አውሮፕላን የሚጠብቅ ተማሪ ያው ስሌት ይገጥመዋል።

መርከባችን ገመዷን ፈትታ ከወደቡ ስትለይ ከአክስቴ ጋር በላይኛው ፎቅ ላይ ቆመን ነበር። የመርከቡ ሰዓት 11፣ የማልታ ሰዓት 10 ነበር። በባራካ ግንብ ላይ ነጭ ጭስ ታየ፤ ቀጥሎም የመድፉ ድምፅ በባሕሩ ላይ እየተንከባለለ ደረሰን። አክስቴ «ይኸው ሰማነው» አሉና ጥቂት ቆይተው ጨመሩ። «አሁን ደግሞ ለአዚናራ ዕቅድ አውጣ። ያን ጊዜ በባቡር እንሄዳለን፤ ሌሊቱንም እዚያው አጠገብ እናድራለን።»